ከመሠረት ጉድጓድ የወጣችው ማሰሮ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ከድሬዳዋና ከሐረር ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ገንዘብና ከመሬት ስለሚወጡ ዕቃዎች የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ በዚህ ዕትም ሌላውን ሁሉ አቆይተን ቦታውን ለእነርሱ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ስም በፈቃዳቸው መሠረት አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በድሬዳዋ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ በሐርላ አቅጣጫ ባለኝ ቦታ ላይ ለቤት መሠረት ሳስቆፍር፣ የቀን ሠራተኞቹ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወርደው አፏ የተሸረፈ ትንሽ ማሰሮ አገኙ። በውስጧ አረንጓዴ የለበሱ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ 28 ሳንቲሞች፣ ጥቂት ቀያይ ዶቃዎችና አንድ ዛጎል ነበሩ። ሠራተኞቹ «የእኛም ዕድል ነው» ብለው አምስቱን ሳንቲሞች ተካፈሉ። ጎረቤቴ በሎሚና በአመድ ቢታሹ ወርቅ መሆን አለመሆናቸው ይታወቃል ይሉኛል። ወሬውን ሰምቶ ከቀፊራ ገበያ የመጣ አንድ ነጋዴ ደግሞ የቀሩትን በጅምላ ልግዛህ እያለኝ ነው። ባለቤቴ በበኩሏ መንግሥት ከሰማ ቦታችንን እናጣለን ብላ ትሰጋለች። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ይህ መልስ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ጎረቤትዎ ሎሚውን እንዳልቆረጡት ተስፋ አደርጋለሁ። ሳንቲሞቹን አይጠቧቸው፣ አይሿቸው፣ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን አይወልውሏቸው። መዳብና ነሐስ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፈር እርጥበትና ጨው ጋር ሲኖሩ ላያቸው ወደ አረንጓዴ ልባስ ስለሚለወጥ፣ ዛሬ የሚነበበው ፊደልና የሚታየው ምስል ያለው ከሥር ባለው ብረት ላይ ሳይሆን በልባሱ ላይ ነው፤ ሎሚው ልባሱን ሲበላው ፊደሉንም አብሮ ይበላዋል። ደግሞም ንጹሕ ወርቅ አረንጓዴ ስለማያወጣ፣ መልኩ ራሱ ሳንቲሞቹ መዳብ ወይም ነሐስ፣ ምናልባትም መዳብ የበዛበት ብር መሆናቸውን አስቀድሞ ነግሮዎታል። ይህን የምለው በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በወጣትነቴ ከአንዲት ዘመዴ የተሰጠችኝን መሐለቅ የምትባል የድሮ የሐረር ሳንቲም በአመድና በሎሚ አሽቼ እንደ አዲስ ቁልፍ ካበራኋት በኋላ ዘመኑ የተጻፈበት ቦታ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ታበራለች፤ በየትኛው አሚር ዘመን እንደተመታች ግን ሊነግረኝ የሚችል ሰው የለም።

አረንጓዴውም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራና ጠቆር ያለው ልባስ ብረቱን ይጠብቀዋል። ፈዘዝ ብሎ እንደ ዱቄት የሚራገፈው ግን ከአፈር ጨው የመጣ በሽታ ሲሆን፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን እየበላ ይዘልቃል። እንዲህ ያለ ምልክት የሚታይባቸውን ከሌሎቹ ለይተው፣ እያንዳንዱን ሳንቲም በየራሱ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ ብዛት ብረቱን የሚያበላሽ ነገር ስለሚያወጣ አይጠቀሙበት። በማሰሮዋ ውስጥ የቀረውን አፈርም አይድፉት፤ ለባለሙያ አፈሩም ዕቃ ነው።

ከሳንቲሞቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጉድጓዱ ነው። ማሰሮዋ በየትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ እንደነበረች፣ ቆማ ይሁን ተጋድማ፣ በአጠገቧ አመድ ወይም አጥንት ወይም የግንብ ድንጋይ ይኑር አይኑር፣ እነዚህን ሁሉ ዛሬ ማወቅ የሚችሉት እርስዎና ሠራተኞቹ ብቻ ናችሁ፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ማንም ሊያውቃቸው አይችልም። ስለዚህ በዚያ ማዕዘን ቁፋሮውን አቁመው የጉድጓዱን ግድግዳ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የመጠን ማነጻጸሪያ እንዲሆን ሜትር ወይም አካፋ አጠገቡ ያቁሙ። ከዚያም ሠራተኞቹን ጠርተው ያዩትን በየራሳቸው ቃል እንዲነግሩዎት አድርገው በዕለቱ ይጻፉት። ሰው ያየውን በሳምንቱ በወሬ እየቀባባ ይለውጠዋልና ለነገ አያሳድሩት።

ነገሩን እንዲህ የማጠብቀው አካባቢው ተራ አካባቢ ስላልሆነ ነው። ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ በእርሻቸው ላይ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ሲያገኙ ኖረዋል፤ የፍርስራሹ ድንጋዮች ትልልቅ በመሆናቸውም ቦታውን የሠሩት ግዙፋን ሰዎች ናቸው የሚል ትውፊት አለ። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው ባካሄዱት ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ መቃብሮች፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የመስታወትና ዓቂቅ ከተባለ የጌጥ ድንጋይ የተሠሩ ዶቃዎች፣ ከባሕር የመጡ ዛጎሎች፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ሸክላዎች፣ እንዲሁም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲሞች መገኘታቸውን አስታውቋል። ከመቃብሮቹ የወጡት አፅሞችም ቁመታቸው እንደ እኛው ሆኖ ተገኝቷል፤ ትውፊቱ ግን በዚህ የሚበገር አይመስለኝም። የእርስዎ ሳንቲሞች የግብፅ ይሁኑ የሌላ፣ ዶቃዎቹም ዓቂቅ ይሁኑ መስታወት፣ በደብዳቤ የሚፈረድ ነገር አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለእንዲህ ያለው አጋጣሚ በቀጥታ መልስ አለው። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ ማንኛውም አጋጣሚ ከመሬት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ መጠበቅ ግዴታው ነው። ለእርስዎ ቅርቡ በር የአስተዳደሩ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ስለሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻዎ ቀንና የገቢ ቁጥር የተመዘገበበትን ቅጂም ይዘው ይመለሱ። ቅጂው ያስፈለገበት ምክንያት አለው። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን በዝርዝር ለክልሉ አስተዳደር በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነጻ ሊሆን እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል፤ ስድስቱ ወር ደግሞ የሚቆጠረው ማስረጃ ሲኖር ነው። በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም በዚያው ተጽፏል። የሽልማቱ መጠን ነጋዴው ከሚቆጥርልዎ ገንዘብ ይበልጣል ብዬ አልምልልዎትም። ይሁን እንጂ ማሰሮዋ የእርስዎ ሸቀጥ ስላልሆነች ንጽጽሩ ራሱ ቦታ የለውም፤ ነጋዴውን በትሕትና ይሸኙት።

የተወሰዱት አምስት ሳንቲሞች ቀላል ጉዳይ አይምሰሉዎት። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አብረው የተቀበሩ ሳንቲሞች የቀብሩን ዘመን የሚመሰክሩት በአዲሲቱ ሳንቲም በኩል ነው፤ ማሰሮዋ ያቺ ሳንቲም ከመመታቷ በፊት ልትቀበር አትችልምና። ያቺ አዲሲቱ ሳንቲም ከአምስቱ አንዷ ብትሆን፣ በእጅዎ ያሉት 23ቱ ተደምረው የሚሰጡት ዘመን የተሳሳተ ይሆናል። ሠራተኞቹን በቁጣ ወይም በፖሊስ ማስፈራሪያ ከጠሯቸው ሳንቲሞቹ በዚያው ሌሊት ቀፊራ ይደርሳሉ። በአካባቢው ሽማግሌ ፊት ሽልማት ከተገኘ እንደሚያካፍሏቸው ቃል ቢገቡላቸውና ስማቸውንም በማመልከቻው ውስጥ ቢያስገቡላቸው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ይህ መንገድ ይሻላል።

የባለቤትዎ ስጋት ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጁ የቅርስ ክልል ተብሎ በታወጀ ቦታ ያለ ፈቃድ መገንባትና መቆፈርን ይከለክላል። አንድ ቦታ እንዲህ የሚከለለው ግን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ ነው፤ አንድ ማሰሮ መውጣቷ ብቻውን ይህን አያስከትልም። ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ግንባታዎ ሊዘገይ እንደሚችል ግን አልደብቅዎትም።

ጥያቄ፦ እኔ የሐረር ጀጎል ነዋሪ ስሆን ከሴት አያቴ በወረስኩት የአንገት ጌጥ ላይ ስድስት ትልልቅ የብር ገንዘቦች ተንጠልጥለዋል። አራቱ የሴት ምስል ያለባቸው ጠገራ ብሮች ናቸው፤ በአራቱም ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ሁለቱ አንበሳ አለባቸው። አንጥረኛው አቅልጬ አዲስ ሐብል ልሥራልሽ ይለኛል፤ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ በሚቀጥለው ሲመጣ ይዞት ሄዶ በጥሩ ዋጋ እንደሚሸጠው ነግሮኛል። ጠገራዎቹ በእርግጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው?

መልስ፦ ሊኖራቸው ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። በምስሉ ላይ ያሉት የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ብሩ በቀይ ባሕርና በእኛ አገር ገበያ እጅግ ተፈላጊ ስለነበር ከሞታቸው በኋላም ያው ምስልና ያው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም መምታት ጀመረች፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በቦምቤይ ተመትቷል። ስለዚህ ከአያትዎ አራት ጠገራዎች አንዱ የቪየና፣ ሌላው የሮም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚለዩትም በፊደሎቹና በጌጦቹ ጥቃቅን ልዩነት በመሆኑ ዓይኑ የለመደ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩ፣ የደበዘዘ ወይም የጎደለ ካገኙ ብሩን አንቀበልም ይሉ ነበር። ቢሮክራሲ ያልነበረው የጥራት ቁጥጥር ነበር ማለት ይቻላል።

እውነተኛነቱን በቤትዎ መመርመር ይቻላል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ጠርዙን በጣትዎ ሲዳስሱት የጎላ ጽሑፍና ጌጥ ሊሰማዎት ይገባል፤ ጠርዙ ልሙጥ የሆነ፣ ወይም ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር የሚታይበት ከሆነ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው። በእርስዎ ዘንድ ማንጠልጠያ ቀለበት ስለተበየደባቸው በወርቅ ሚዛን ላይ ክብደታቸው ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደናገጡ።

አንበሳ ያለባቸው ሁለቱ የዐፄ ምኒልክ ብሮች ናቸው፤ መጠናቸውም ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ በፓሪስ ተመትቷል። ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ ፲፰፻፹፯ የሚል ካገኙ 1887 ዓ.ም. ማለት ነው። ንጉሡ የራሳቸውን ምስል ያለበት ብር ቢያወጡም ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመዳትን ማርያ ቴሬዛን አልተዋትም፤ አያትዎም ሁለቱን በአንድ ክር ላይ በማዋላቸው የዘመኑን ገበያ አንገታቸው ላይ አስረውት ነበር።

አንጥረኛው እንዳያቀልጠው አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ቀለበት የተበየደበት ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ለብቻው ሲሸጥ ዋጋው ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ጌጡ ከነአሠራሩ፣ ከነዶቃውና ከነክሩ ነው። ብዙ ጠገራ ብር በገዛ አንጥረኞቻችን ምድጃ ውስጥ አልቋል። ወንድምዎን በተመለከተ ግን ነገሩ ከምክር ያልፋል። ሕጉ ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ እንዲያስመዘግበውና በሽያጭም ሆነ በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፈው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ተፈቅዶ ካልሆነ በቀር ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። ወንድምዎ ጌጡን በሻንጣው ይዞ አውሮፕላን ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ይህን ቢያውቅ ለእርሱም ለእርስዎም ይበጃል።

ጥያቄ፦ በሐረር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የአያቴ ቤት ነደባ (ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ) ሲታደስ ከአፈሩ ውስጥ በጣም ቀጭንና ትንሽ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለባት ቢጫ ሳንቲም ወጣች። አጎቴ መሐለቅ ናት ይላል። በቁጥሩ ላይ ግን አልተስማማንም፤ እኔ 1274 ብዬ አነበብኩ፣ እርሱ 1284 ነው ይላል። ከሁለታችን ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ያንቺን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንዲት ሳንቲም ሳትታሽ ተረፈችና። ከሁሉ አስቀድሞ አጎትሽ ያሉት ትክክል ሳይሆን አይቀርም። የአክሱም መንግሥት ሳንቲም መምታቱ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ካበቃ በኋላ፣ በደጋው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በኖረበት ረጅም ዘመን፣ ሐረር በአሚሮቿ ስም የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሲቆይ ያየው ይህንኑ ነው፤ መሐለቅ የምትባለው ትንሽ የናስ ሳንቲም በእጅ የምትሠራ መሆኗን፣ በአንድ በኩል የሐረር ምት የሚል ትርጉም ያለው የዓረብኛ ጽሑፍ፣ በሌላው በኩል 1248 ዓመተ ሒጅራ እንደተጻፈባት፣ በከተማዋ ሌላ ገንዘብ ያዘዋወረ ሰውም በአሚሩ ያለ ርኅራኄ እንደሚቀጣ ጽፏል። ሰውየው ስለ ሐረር የጻፈው ሁሉ አይጥመኝም፤ በሳንቲሟ ጉዳይ ግን ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። በዓረብኛ አጻጻፍ ሰባት ቁጥር ሹሉ ወደ ታች፣ ስምንት ደግሞ ሹሉ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሳንቲሟን የያዛችሁበት አቅጣጫ ከተለያየ አንዱ ለሌላው ይመስላል። መጀመሪያ ቁጥሩን ትታችሁ ፊደሎቹን አንብቡ፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ሲነበብ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ይታወቃል፤ ቁጥሩንም ያን ጊዜ ብቻ ተመልከቱ። ሌላም ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ፦ ትንሽ ክብ ምልክት አምስት ናት፤ ዜሮ የሚጻፈው በነጥብ ነው።

የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር 622 መደመር ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን በ97 አባዝተሽ ለ100 ካካፈልሽ በኋላ 622 ስትደምሪበት የአውሮፓውያኑን ዓመት በግምት ታገኛለሽ፤ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ስትቀንሺ በእኛ አቆጣጠር ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ያንቺ 1274 ወደ እ.ኤ.አ. 1857፣ የአጎትሽ 1284 ወደ 1867 ይደርሳል። አሚር መሐመድ ኢብን ዓሊ ሐረርን የገዙት ከ1856 ጀምሮ የግብፅ ጦር ከተማዋን እስከያዘበት እስከ 1875 ስለሆነ፣ ማንኛችሁም ብትረቱ ሳንቲሟ የእርሳቸው ዘመን ናት። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1885 ከወጡ በኋላ ልጃቸው አሚር አብዱላሂ ገንዘብ መትተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት ድል ሲሆኑ ግን የአሚሮቹ ዘመን አበቃ። የሚገርመው መሐለቅ በዚያው አለመቅረቷ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ስም፣ በግዕዝ ፊደልና ቁጥር፣ በ፲፰፻፹፭ ዓ.ም. እዚያው ሐረር የተመታች የብር መሐለቅ አለች። ገዢው፣ ቋንቋውና ዘመን አቆጣጠሩ ሁሉ ተለውጦ የሳንቲሟ ስም ብቻ ቀጠለ።

በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ሳንቲሟን ይዘሽ ሂጂና እዚያ ከሚታዩት ጋር አስተያዪያት። ስለ ማሳወቅ ለመጀመሪያው ጠያቂ የጻፍኩት ለእናንተም ይሠራል፤ ነደባው ከተነሣበት ቦታ የወጣውን አፈር ከመጣላችሁ በፊት በወንፊት ብትነፉትም መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማስመጣት ይቻላል ብለውኛል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ አሮጌ ፍርስራሾች በእረፍት ቀኔ ብሞክር ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቅርስ ለማግኘት መቆፈር የሚችለው ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ያለው አካል ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘን ሰው የሚጠብቀው ድንጋጌ ሆን ብሎ የፈለገን አይጠብቅም። መሣሪያው ደግሞ የሚሰማው ብረታ ብረትን ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሳንቲሟ ለመድረስ ሲቆፍሩ ሸክላውን፣ ዶቃውንና አጥንቱን ሰባብረው ያልፋሉ። ገንዘብዎን ለሌላ ነገር ያውሉት።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በቴሌግራም የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች አሉኝ ብሎ ፎቶግራፍ ልኮልኛል። የምኖረው ሐረር ነው። ላምነው ይገባል ትላላችሁ?

መልስ፦ የላኩልንን ፎቶግራፍ አይተነዋል። ሦስቱም ሳንቲሞች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አላቸው፤ በመዶሻ አንድ በአንድ የተመቱ ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም፤ ከአንድ ቅርጽ የፈሰሱ ግን ይኖራቸዋል። በተጨማሪም ሻጩ የንጉሥ እንዱቢስ ናቸው እያለ በላያቸው ላይ መስቀል ይታያል። እንዱቢስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነገሠ፣ ሳንቲም በመምታት የመጀመሪያው የአክሱም ንጉሥ ሲሆን የእርሱ ምልክት ጨረቃና ክብ ነው፤ መስቀሉ የገባው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ነው። ሐሰተኛ ከሆኑ ገንዘብዎ ጠፋ፤ እውነተኛ ቢሆኑ ደግሞ የሚገዙት የተዘረፈ ቅርስ በሆነ ነበር።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ከከተማው በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብቶች ለጉብኝት በወሰድኳቸው ጊዜ ስለታም ጠርዝ ያላቸው ጥቋቁር ባልጩቶች ለቅመው አመጡ። አሁን በክፍላችን በካርቶን ውስጥ 40 ያህል አሉ። ዋጋ አላቸው?

መልስ፦ በገበያ የላቸውም፤ በትምህርት ግን እጅግ አላቸው። ከከተማችሁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ፖርክ ኤፒክ የተባለው ዋሻ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ያስተዋወቁት ይህ ዋሻ ከመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ብዙ የድንጋይ መሣሪያ የወጣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተቆፈረው ክፍል ብቻ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጮች፣ በክብደት 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ተገኝተው ሲመረመሩ ሰዎች ከ40,000 ዓመት በፊት ቀለሙን እየፈጩ ይጠቀሙበት እንደነበር ታውቋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሊሉ የቻሉት እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

የእርስዎ ካርቶን የጎደለው ይህ ነው። ባልጩት በተፈጥሮም ሊሰበር ይችላል፤ ሰው የሠራው መሆኑ የሚታወቀው ከተመታበት ነጥብ ሥር እብጠት ሲኖረው፣ ከዚያም እንደ ውኃ ሞገድ የሚሰፉ መስመሮች ሲታዩበት፣ ጠርዙም በተከታታይ ትንንሽ ምቶች ሲሳል ነው፤ ይህን ለተማሪዎቹ በማጉያ መነጽር ቢያሳዩአቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ትዝታቸው ሳይደበዝዝ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ የለቀመውን ድንጋይ ለይቶ፣ ከየትኛው ኮረብታ፣ ከየትኛው ጎን፣ ከምን አጠገብ እንዳነሣው በወረቀት ጽፎ አብሮ ይጠቅልለው፤ የማያስታውስ ካለ «አላስታውስም» ብሎ ይጻፍ እንጂ አይገምት። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው ያስረክቡ። በሚቀጥለው ጉብኝት ተማሪዎቹ ድንጋዩን ባለበት ትተው ፎቶግራፉን ብቻ ይዘው ይመለሱ፤ አካፋ የያዘ ልጅም ካለ አካፋው በትምህርት ቤቱ በር ይቅር።